እንዳለ ተርጉሚው

«ውሻ?» አሉ መምህር ወልደጻድቅ፣ ጠመኔ የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ። «‹ሲኒካል› በዐረብኛ ውሻ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቆማ የነበረችው ፈትያ ፊቷ ሲግል ተሰማት።

«አባቴ ነው ያለኝ፣ ቲቸር። ቁርጥ ያለ አንድ ቃል የለውም አለ። ‹ሳኺር› ብትይው ያስኬዳል፤ እሱ ግን የሚያሾፍ ሰው ማለት ብቻ ነው አለኝ። ድሮ ማንንም የማያምኑ፣ ባዩት ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኹ ፈላስፎች ነበሩ። እነሱን ‹ከልቢ› ይሏቸዋል። በዐረብኛ ‹ከልብ› ውሻ ነዋ።»

«እኛ ጋ ደግሞ ከልብ የልብ ነው!» ብሎ ጮኸ ኩማ ከመጨረሻው ወንበር። «ቲቸር፣ ከልቡ የሚያሾፍ ማለት ነው!»

እንደገና ተሳቀ። መምህር ወልደጻድቅም ሳቁ። ጊዜው 1975 ዓ.ም. ነው፤ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ሲስቅ ማየት ብርቅ ነበር። ተማሪዎቹም ሲስቁ አንድ ዓይናቸውን ወደ በሩ ልከው ነው።

ሰሌዳው ላይ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፈዋል። ሁሉም የሚያላግጥ፣ የሚንቅ ወይም የሚጠራጠር ሰው ጠባይን የሚገልጹ ናቸው። የቤት ሥራቸው እያንዳንዱን ቃል በየቤታቸው ቋንቋ ምን እንደሚባል ጠይቀው መምጣት ነበር። ፈትያ ትናንት ማታ አባቷን ከሬዲዮው ነጥላ እራት እስኪቀርብ ስታደክመው ነው የቆየችው። አባቷ ጠሀ ልጅ ሆኖ ከየመን፣ ከሐድረሞት የመጣ፣ አዋሳ ፒያሳ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው። «እንግሊዝ ጠርጣራውን በየዓይነቱ ስም አወጣለት?» እያለ ሲስቅባት አምሽቷል።

«ስሙ እንግዲህ» አሉ መምህር ወልደጻድቅ ወደ ሰሌዳው ዞረው። «እነዚህ ቃላት አንድ አይደሉም። ‹ስኬፕቲካል› የሆነ ሰው ማስረጃ አሳየኝ ይላል፤ ካሳየኸው ያምናል። ‹ሳርካስቲክ› የሆነው እያመሰገነ ይሰድብሃል፤ አሽሙረኛ ነው። ‹ሲኒካል› ግን ብታሳየውም አያምንም። ሰው ሁሉ ለጥቅሙ ነው ብሎ አስቀድሞ ጨርሷል። በአማርኛ የሚቀርበው ምን ይመስላችኋል?»

«ለበጣ» አለች ታቢታ ቀስ ብላ።

ታቢታ ከፈትያ ጎን፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። የምታወራው ጥቂት ነው። አባቷ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገና እሳቸውም ከታሰሩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብላለች።

«ጎሽ! ለበጣ ይጠጋዋል። ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ?»

ደምሴ እጁን አውጥቶ ተነሣ። ጠመኔውን ተቀብሎ በትልልቅ ፊደል በእንግሊዝኛ ጻፈ። በአማርኛ ሲሆን፣ አጎቴ ከስብሰባ ሲመለስ በለበጣ ፈገግ አለ፣ የሚል ነው።

ሳቁ በአንዴ ቆመ። ደምሴ ራሱ የጻፈውን ዞሮ ሲያነበው ደነገጠ። አምና የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው ስለ ስኳር ወረፋ የቀለዱ ጊዜ፣ በማግሥቱ ወንበራቸው ባዶ ነበር። እስከ ዛሬም የት እንዳሉ የሚናገር ሰው የለም።

መምህር ወልደጻድቅ ዳስተሩን አነሡ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የገባው ጓድ ሞገስ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ። ካኪ ልብሱ በደንብ ተተኩሷል። ከኋላው ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ እንግዳ ገቡ። መጨረሻ ላይ የገባውን ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ማንም አያውቀውም። እሱም ራሱን አላስተዋወቀም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ተማሪዎቹ ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ» አለ ጓድ ሞገስ። «ከወዳጃችን ከደቡብ የመን የመጡ ጓድ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር የምንጠብቃቸው፤ ፕሮግራማቸው ተለውጦ አሁን መጥተዋል። ፈትያ፣ ነይ እዚህ።»

ፈትያ ይህን ታውቅ ነበር። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ወባ ይዞት ሆቴል ስለቀረ፣ ጠዋት ቢሮ ተጠርታ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ ተብላለች። የተዘጋጀችው ግን ግቢ ውስጥ ለሚደረግ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ነው። እዚህ፣ በዚህ ሰሌዳ ፊት፣ ይሆናል ብላ አላሰበችም።

ዳስተሩ አሁንም መምህሩ እጅ ላይ ነው። አሁን ማጥፋት ግን ከመጻፉ የባሰ ነበር።

እንግዳው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ተማሪው ብዛት፣ ስለ ሐይቁ ጠየቁ። ፈትያ ጥያቄውንም መልሱንም ከአባቷ በተማረችው ዐረብኛ ስታስተረጉም ቆየች። ከዚያ እንግዳው መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው ቀሰሩ።

«እነዚህስ? ዛሬ ምን እየተማራችሁ ነው?»

መምህር ወልደጻድቅ ወንበር የሚያስተካክሉ መስለው ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ከንፈራቸው ብዙም ሳይንቀሳቀስ፣ «እንዳለ ተርጉሚው» አሏት። «አንቺን ምንም አያገኝሽም። እንዳለ ተርጉሚው።»

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለችው ታቢታ ቀና አለች።

ፈትያ ሰሌዳውን አየች። ትናንት ማታ አባቷ የነገራት ቃላት ሁሉ ተደርድረው መጡላት። ማሾፍ፣ መናቅ፣ መጠራጠር፣ ውሻ። አንድ በአንድ ብታወጣቸው፣ እንግዳው ጓድ ሞገስን ዞረው «ልጆቻችሁን በስብሰባ ላይ ማላገጥ ታስተምራላችሁ?» ሲሉ ታያት። የጂኦግራፊ አስተማሪው ባዶ ወንበርም ታያት።

«ስለ ሰው ጠባይ ነው» አለች በዐረብኛ። «ይሄኛው ጠንቃቃ ማለት ነው። ይሄ አሳቢ፣ ይሄ ተጫዋች። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ... አጎቴ ከስብሰባ ደስ ብሎት ተመለሰ ይላል።»

እንግዳው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አዎ፣ አነበቡ። ዓይናቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ፈትያ በግልጽ አየችው።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉ እንግዳው፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታው እንዳለ፣ ድምፃቸውን ብቻ ዝቅ አድርገው። «እኔ የተወለድኩት ዐደን ነው። ልጅነቴን በሙሉ ወደቡ የእንግሊዞች ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝም በዱላ ነው።» ወደ ሰሌዳው ጠጋ አሉ። «ከኋላዬ ግድግዳውን የተደገፈው ሰውም ሳያነብ አይቀርም። ዞረሽ እንዳታዪው።»

ፈትያ አልዞረችም።

«ምን አሉ?» አለ ጓድ ሞገስ።

እንግዳው ቀድመው፣ «ትምህርቱ ደስ እንዳለኝ ንገሪው» አሏት።

«ትምህርቱ ደስ ብሏቸዋል» አለች።

ጓድ ሞገስ አጨበጨበ። ክፍሉም አጨበጨበ። ሲወጡ ባለ ጥቁር መነጽሩ መጨረሻ ቀርቶ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ሰሌዳውን እያየ መዳፉ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የገቡት ሌላ አስተማሪ ነበሩ።

«መምህር ወልደጻድቅ ለሴሚናር ሄደዋል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «መጽሐፋችሁን አውጡ።»

ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ኩማ እየሮጠ መጣ። የመምህሩን ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይወርቅን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የምሳ ዕቃ ይዘው ቆመው አይቷቸዋል።

«የምን ሴሚናር ነው እባካችሁ!» አለ። «ሴሚናር የሄደ ሰው ምሳ ይመላለስለታል እንዴ?»

«ዝም በል፣ ጀዝባ!» አለው ደምሴ። እንግዳው ከመጡበት ከዓርብ ጀምሮ ፊቱ አመድ መስሏል። ጥሏቸው ሄደ።

ፈትያን ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ጓድ ሞገስ ቢሮ ስትገባ እንደፈራችው አልጮኸባትም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ይነፋዋል።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አላት። «ሦስት ቋንቋ! እኔ እንኳ በአንዱ ነው የምታገለው።» ሳቀ። ከዚያ አምስቱን ቃላት አንድ በአንድ፣ እየተደናቀፈ፣ በእንግሊዝኛ ጠራላት። «ጠንቃቃ፣ አሳቢ፣ ተጫዋች። እንደዚህ ብለሽ አይደል የተረጎምሽላቸው? ዐረብኛ የሚሰሙ ጆሮዎች እዚያ ነበሩ።»

ፈትያ ዓይኗን ወደ መጋረጃው አሸሸች።

«አትፍሪ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ልጅ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ያዘዘሽ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ አጎነበሰ። «ወልደጻድቅ ጆሮሽ ላይ ‹ደብቂው› ብሎሻል። ሲልሽ የሰማ ሰው አለ።»

«እንደዚያ አላሉኝም፣ ጓድ ሞገስ!»

«ታቢታ ሰምታለች።»

ፈትያ ከወንበሩ ብድግ አለች።

«ዓርብ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ» አለ ጓድ ሞገስ ወደ ወንበሩ እየተመለሰ። «ትነሺና አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገሪያለሽ። ‹ደብቂው ያሉኝ መምህሩ ናቸው› ብለሽ ትቀመጫለሽ። በቃ።» ወደ መስኮቱ ዞሮ መጋረጃውን ሰበሰበ። «አባትሽ የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያሳድሰው መቼ ነው? በቅርቡ ይመስለኛል፣ አይደል? ደህና ሰው ነው ጠሀ። ከዚህ ከተማ ቢሄድ ቅር ይለኛል።»

እቤት ስትደርስ ሱቁ ሊዘጋ ነበር። እናቷ ሸዋዬ የጨርቅ ጥቅሎችን ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች። አባቷ የሬዲዮውን ድምፅ ቀንሶ የልጁን ፊት ሲያይ መብራቱን ሳያጠፋ በሩን ዘጋ። ፈትያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ፈቃዱ የተባለውንም አልደበቀችም።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቷ ናት።

«እሺ በያቸው» አለች፣ የያዘችውን ጨርቅ ደረቷ ላይ አጥብቃ። «ሰውየው እንደሆነ ታስሯል። አንቺ አላሰርሽው። አባትሽን ወስደው የማያውቀው አገር ሲጥሉት ልታዪ ነው? እዚያ ማን አለው? ማን ያውቀዋል?»

«ሸዋዬ» አለ አባቷ።

«ምን ሸዋዬ ትለኛለህ! እውነቴን ነው!»

አባቷ ከልብስ ስፌት መኪናው ጎን ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፈትያ እንዲህ ሲያረጅ አይታው አታውቅም።

«መምህርሽ ምን ነበር ያሉሽ?» አላት በመጨረሻ። «በትክክል።»

«እንዳለ ተርጉሚው አሉኝ። አንቺን ምንም አያገኝሽም አሉኝ።»

«እንዳለ ብትተረጉሚው ለእሳቸው አደጋ እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

ፈትያ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አላሰበችውም። «ያውቁ ነበር» አለች።

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ስለ ፈቃዱ ፈርቻለሁ፣ ያ ቢንቲ። አልፈራሁም ብልሽ ውሸት ነው። ግን ለእኔ ብለሽ እንዲህ በይ፣ እንዲያ አትበይ አልልሽም።» ተነሥቶ መብራቱን አጠፋው። «ዓርብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

እናቷ ጨለማው ውስጥ ስታለቅስ ትሰማለች።

ፈትያ ታቢታን ያገኘቻት ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። ታቢታ ሁለት ቀን ሙሉ ስትሸሻት ነበር፤ ፈትያ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከኋላዋ ደረሰችባት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከባሕር ዛፎቹ ሥር እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመዋል። ታቢታ ስታያት ልትሮጥ ከጀለች፤ ከዚያ ተወችው።

«ምን አደረግኩሽ?» አለች ፈትያ። «ቲቸርስ ምን አደረጉሽ? የሰማሽውን ታውቂያለሽ! አጠገቤ ነበርሽ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

ታቢታ የዩኒፎርሟን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። አማርኛዋ ስትደነግጥ ይሰባበርባታል፤ አሁንም ተሰባበረ። «አባቴን... ከፋሲካ ጀምሮ አላየነውም። እናቴ ስንቅ ትወስዳለች፤ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፤ ማን እንደበላው አናውቅም። በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ጓድ ሞገስ ጠራኝ። ‹መምህሩ ምን አላት?› አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ‹ልክ አልሰማሽም› አለኝ። እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና ነገርኩት። ‹አባትሽን ማየት አትፈልጊም?› አለኝ። ከዚያ... ‹ደብቂው› ነው ያሉት አልኩት።»

«ታዲያ አየሻቸው?»

«ከስብሰባው በኋላ ብሎኛል።»

ፈትያ በንዴት ብዙ ነገር ልትናገር ነበር የመጣችው። መንገዱን በሙሉ ስትሰድባት፣ በሐሳቧ በጥፊ ስትመታት ነው የደረሰችው። አሁን ግን ያ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። የራሷን አባት በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው።

«ዓርብ ‹ታቢታ ዋሽታለች› ካልሽ» አለች ታቢታ፣ «እኔንም ያስገቡኛል። እናቴ ብቻዋን ነው የምትቀረው። ግን... በዪ። እውነት ስለሆነ በዪ። አልቀየምሽም።»

ከሐይቁ በኩል የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። ሁለቱም ተለያይተው በየመንገዳቸው ሄዱ።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ መካከል ላይ ጓድ ሞገስ፣ በስተቀኙ ርእሰ መምህሩ ተቀምጠዋል። ባለ ጥቁር መነጽሩ ሰው ጥግ ላይ፣ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ እግሩን አነባብሯል። መፈክር ተሰማ፤ እጆች ተነሡ፤ እጆች ወረዱ። ጓድ ሞገስ በትምህርት ስም መርዝ ስለሚረጩ ሰዎች ብዙ ተናገረ። የመምህር ወልደጻድቅን ስም አልጠራም። መጥራት አላስፈለገውም።

«አሁን ከተማሪዎቹ መካከል ግለ ሂስ የምታደርግ እህት አለች» አለ። «ፈትያ ጠሀ።»

ፈትያ ተነሣች። የፊት ለፊቱን ወንበር ያዘች። ከፊቷ፣ ሦስት ረድፍ አልፎ፣ የታቢታን አንገት ታያለች፤ ታቢታ አቀርቅራለች። ደምሴ ከግድግዳው ጋር የተለሰነ መስሎ ቆሟል።

ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር በልቧ የምትመላለሰው። አንዱ መምህሩን እስር ቤት ያስቀራል። ሁለተኛው ታቢታን ያሳስራል። ትናንት ግን፣ ለአባቷ ጨርቅ ስትለካ፣ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር መጥቶላት ነበር። ማንም የማይጠየቅበት ዓረፍተ ነገር አልነበረም። የሚጠየቀው ሰው ብቻ ይለወጣል።

«መምህር ወልደጻድቅ ያሉኝ ‹እንዳለ ተርጉሚው› ነው» አለች።

አጠገቧ ያሉት ቀና ብለው አዩአት።

«‹ልደብቀው ነው› ያልኩት እኔ ነኝ። ታቢታ አጠገቤ ስለነበረች ለእሷ ሹክ አልኳት። ቲቸርም ያኔውኑ ጆሮዬ ላይ ስለተናገሩ የሁለታችን ድምፅ ተምታቶባት ይሆናል። እሷ ‹ደብቂው› የሚል ነገር መስማቷ እውነት ነው። ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

የታቢታ አንገት ቀና አለ። አልዞረችም።

ጓድ ሞገስ ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ማንም ሳያዝሽ?»

«ማንም ሳያዘኝ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ማንን ነው የፈራሽው? እንግዳውን?»

ፈትያ እስካሁን ያዘጋጀችው እዚህ ድረስ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚባለውን አላሰበችውም። «እርስዎን» አለች።

አንድ ሰው ሳለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አያት። ተራ ዓይን ነበር፣ እንደማንም ሰው። ፈትያን ከሁሉ ያስፈራት ይኼ ነው።

«ተቀመጪ» አለ ጓድ ሞገስ።

በማግሥቱ ፈትያ ከትምህርት ቤት መታገዷ ተነገራት፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። አባቷን ቀበሌ ጠርተው ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ማታ ሲመለስ ፈቃዱ አልታደሰም፤ አልተሰረዘምም። «ጉዳዩ እየታየ ነው፣ ስንጠራህ ትመጣለህ» ብለውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እናቷ የያዘችውን ትጥላለች።

መምህር ወልደጻድቅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈቱ። ማስተማር ግን አዋሳ ላይ አልተፈቀደላቸውም፤ ቦረና ውስጥ ወዳለ ትንሽ ትምህርት ቤት ተመደቡ። ኩማ እንደነገራት፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አልጋና ድስት የጭነት መኪና ላይ ሲያስጭኑ መምህሩ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ነበር። በጣም ከስተዋል። ተማሪዎቹ ከሩቅ ቆመው አዩአቸው፤ እሳቸውም አዩአቸው። ማንም ለማንም እጁን አላነሣም።

ታቢታ አባቷን አላየችም። ከስብሰባው በኋላ ሰኞ ነይ አሏት፤ ሰኞ ሐሙስ አሏት፤ ከዚያ መልስ የሚሰጣት ሰው አጣች።

ፈትያ አሁን ቀኑን በሙሉ ሱቅ ውስጥ ናት። ጨርቅ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች። ጓደኞቿ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ጠርዝ ያልፋሉ። አትፈርድባቸውም። እሷም ብትሆን ሳታደርገው አትቀርም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታቢታ ሱቁ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው። አልገባችም።

«ባዮሎጂ ስለ ደም ዝውውር ጀምረናል» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። «ሒሳብም አዲስ ምዕራፍ ገብተናል። በየቀኑ መጥቼ ልነግርሽ እችላለሁ። ለከርሞ ስትመለሽ ከክፍል ወደ ኋላ እንዳትቀሪ።» ዓይኗ ጫማዋ ላይ ነው። «ካልፈለግሽም ይገባኛል።»

እናቷ ከመደርደሪያው ኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፈትያ፣ መንገዱን እዪ» አለቻት።

ፈትያ አየች። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት፣ ውጭ ከወጡት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ፣ ባለ ጥቁር መነጽሩ ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ሱቁ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አታውቅም። ታቢታም የእሷን ዓይን ተከትላ ዞረችና አየችው፤ ከንፈሯ ነጣ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ፈትያ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ወንበሩን ይዛ መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ጥቅሎቹ ወደሚጋርዱት ጥግ ሁለት እርምጃ ሄደች። እዚያ ቢቀመጡ ከመንገድ አይታዩም። ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወንበሩን በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ግቢና ተቀመጪ» አለች ታቢታን። «ደም ዝውውሩን ከልብ ነው ወይስ ከሳንባ የጀመራችሁት?»